ያማሺታ፦ መሸነፍን የማያውቅ ሰው ተሸናፊን እንዴት ያሰለጥናል?

ታታሚ ጠራጊ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም የጁዶ ወዳጆች። ትናንት ከልምምድ በኋላ አንድ ልጅ የጠየቀኝ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ልጁ በተከታታይ ሦስት ውድድር ተሸንፏል። "ያማሺታ 203 ጊዜ ሳይሸነፍ አሸነፈ ትለናለህ። እንዲህ ያለ ሰው አሰልጣኝ ሲሆን እንደኔ ዓይነቱን ምን ብሎ ያጽናናዋል?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ዝም ብዬ ቀበቶውን አጥብቄ አሰርኩለት።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ያሱሂሮ ያማሺታ በ1957 ጃፓን ውስጥ፣ ኪዩሹ ደሴት ላይ፣ ኩማሞቶ ተወለደ። በልጅነቱ ከእኩዮቹ ሁሉ የገዘፈ፣ ሰው የሚያስቸግር ልጅ ነበር። ቤተሰቦቹ ጁዶ ያስገቡት ሻምፒዮን ይወጣዋል ብለው አይደለም። ጉልበቱን የሚያፈስበት ቦታ ካገኘ የሰፈሩ ልጆች እፎይ ይላሉ ብለው ነው።

በ1977፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ የመላው ጃፓን ሻምፒዮና አሸነፈ። ይሄ ውድድር ክብደት አይለይም። ከዚያ እስከ 1985 ድረስ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ማንም አልነጠቀውም። የዓለም ሻምፒዮናን በ1979 ፓሪስ፣ በ1981 ማስትሪክት (እዚያ በሁለት ምድብ)፣ በ1983 ሞስኮ ወሰደ። በ1984 ሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ወርቅ ጨመረበት። በ1985 ጫማ ሰቀለ። ጫማ ልበል እንዴ? ጁዶ በባዶ እግር ነው። ቀበቶ ሰቀለ እንበል።

ከዚያ ከ1992 እስከ 2000 የጃፓን ወንዶች ብሔራዊ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆነ። እዚህ ላይ ነው የልጁ ጥያቄ። ሲጫወት የነበረውን ያህል፣ ሲያሰለጥንም ትልቅ ነበር?

ቁጥር ወዳድ

በቁጥር ከሄድን መልሱ ቀላል ነው። አትላንታ 1996፣ ከሰባት የወንዶች ምድብ 2 ወርቅ፣ 2 ብር። ሲድኒ 2000፣ ከሰባት 3 ወርቅ፣ 1 ብር። ከሱ በፊት በሶል 1988 ጃፓን በጁዶ በጠቅላላው 1 ወርቅ ብቻ ነበር ያገኘችው። በባርሴሎና 1992 ወንዶቹ 2 ወርቅ። ስለዚህ መጥፎ አይደለም። ግን የተማሪው የኮሴይ ኢኑዌ ቡድን በቶኪዮው ኦሊምፒክ ከሰባት 5 ወርቅ ወስዷል። በአሰልጣኝነት ተማሪው በለጠው ማለት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። 203ቱም ሲወራ እንደሚመስለው የጸዳ ቁጥር አይደለም። በመሃል አቻ የወጡ ጨዋታዎች አሉበት። ሳይሸነፍ 203 አሸነፈ እንጂ 203ቱን ጎን ለጎን አልደረደረም።

ግራ ያዥ

ወንድሜ ቁጥር ወዳድ፣ ከአቻዎቹ አንዱ እንዴት እንደተመዘገበ ታውቃለህ? ልንገርህ።

1980፣ ግንቦት አካባቢ። ተጋጣሚው ሱሚዮ ኤንዶ፣ ራሱ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው። ኤንዶ "ካኒ-ባሳሚ" የሚባለውን ጣለበት። ትርጉሙ እንደ ሸርጣን መቀስ ነው። ሰውየው ራሱን ወርውሮ በሁለት እግሩ የተጋጣሚውን እግር ከፊትና ከኋላ ይቆርጣል። የያማሺታ እግር ተሰበረ። ውጤቱ በጉዳት ምክንያት አቻ ተባለ። በወረቀት ላይ አቻ፣ በራጅ ላይ ስብራት! ያ ጥቃት በኋላ በውድድር ታግዷል። ዛሬ ልጆቻችን ላይ ማንም እንዳይሞክርባቸው ከተደረገበት ምክንያት አንዱ ያ እግር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግን የዚያ ዓመት ትልቁ ስብራት እግሩ አልነበረም። ጃፓን የሞስኮ ኦሊምፒክን አልሄድም ካሉት አገሮች ጋር ተቀላቀለች። ውሳኔው ከመጽናቱ በፊት ስፖርተኞች ተሰብስበው ሲለምኑ፣ ያማሺታ በካሜራ ፊት እንባ እየተናነቀው "እንሂድ" ብሎ ተማጸነ። 22 ዓመቱ ነው። በዓለም ላይ የሚጥለው ሰው የለም። በ1976 ሞንትሪያል ተጠባባቂ ነበር፣ አልተጫወተም። በ1980 ደግሞ አገሩ አስቀረችው። ስለዚህ ልጁ "መሸነፍ አያውቅም" ካለ፣ ከመሸነፍ የባሰም እንዳለ ንገረው። ተሸናፊ ቢያንስ ታታሚ (የጁዶ ምንጣፍ) ላይ ወጥቷል።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ እኔ ጁዶ አልጫወትም፣ ኢፖን ምንድነው? ደግሞ አንድ ግብፃዊ የተጎዳ እግሩን ሳይነካ ተሸነፈለት የሚባለው እውነት ነው?

ኡኬሚ

አዲስ ገቢ፣ እንኳን መጣህ። ኢፖን ጨዋታውን በአንዴ የሚዘጋ ሙሉ ነጥብ ነው። ሰውየውን በጀርባው በኃይል ከጣልክ፣ ወለል ላይ ጭነህ የተወሰነ ሰከንድ ከያዝክ (በዚያ ዘመን 30 ነበር)፣ ወይም አንቀህ እጅ ካሰጠህ ኢፖን ነው። ዋዛ-አሪ ግማሽ ናት። ዩኮና ኮካ ከሷ በታች ነበሩ፣ ኮካ የመጨረሻዋ ትንሿ።

ሎስ አንጀለስን በደንብ ስላየሁት እኔ ልተርክልህ። ነሐሴ 1984፣ ክብደት የማይለየው ምድብ። ምድቡ ከዚያ ወዲህ በኦሊምፒክ ቀርቷል። ያማሺታ የመጀመሪያውን ጨዋታ በቶሎ ጨረሰ። ሁለተኛው ከምዕራብ ጀርመኑ አርተር ሽናብል ጋር ነበር። ለመጣል ሲገባ የቀኝ ባቱ ጡንቻ ተቀደደ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያማሺታ ግራ ያዥ ነው (እዚህ ክር ውስጥ ስሙን የወሰደለት ሰው አለ)። ግራ ያዥ ኡቺማታ ወይም ኦሶቶ-ጋሪ (ሁለቱም በእግር ጠርጎ መጣያ ናቸው) ሲሠራ የሚጠርገው በግራ እግሩ ነው። መላ ሰውነቱን የሚሸከመው ቀኙ ነው። ያውም 127 ኪሎ ገደማ። ስለዚህ የተበላሸው "አንድ እግር" አልነበረም። የጣላቸውን ሁሉ የጣለበት ምሰሶ ነው የፈረሰው። ሽናብልን ወለል ላይ በጁዶጊው (በጁዶ ልብሱ) ኮሌታ አንቆ አሸነፈ። እያነከሰ ወጣ። አዳራሹ ሁሉ አየው።

ግማሽ ፍጻሜ፣ ፈረንሳዊው ሎራን ዴል ኮሎምቦ። ገና እንደተጀመረ ያማሺታን ጣለው። በጀርባው አልወደቀምና ኮካ ብቻ ተቆጠረ። ያማሺታ ተነሳ፣ በተራው ጣለው፣ ወለል ላይ ጭኖ ጨረሰው።

ፍጻሜው ነው እንግዲህ የአንተ ጥያቄ። የአሌክሳንድሪያው መሐመድ ራሽዋን። ራሽዋን አጠቃ፣ ያማሺታ አመለጠ፣ ራሽዋን ሲወድቅ ላዩ ላይ ወጥቶ በጎን ጫነው። ከተጀመረ አንድ ደቂቃ ከምናምን ሰከንድ። አበቃ። ወደ ሽልማቱ መድረክ ሲወጡ ራሽዋን እጁን ዘርግቶ ደገፈው። በኋላ የዓለም አቀፉን የፌር ፕሌይ ሽልማት ያገኘው ራሽዋን ነው።

ቁጥር ወዳድ

"አልነካውም" የሚለው ግን ተረት ነው። ቪዲዮው አለ፣ ክፈቱት። ራሽዋን ወደ ቀኝ እግሩ የሚሄድ ጥቃት ሞክሯል።

ኡኬሚ

ይሞክራል እንጂ! ቀኝ ያዥ ተጫዋች ዋናው ጥቃቱ በተፈጥሮው የሚጠርገው የተጋጣሚውን ቀኝ እግር ነው። "ቀኙን አልነካም" ካለ እኮ የሚያውቀውን ሁሉ እቤት ትቶ ይግባ ማለት ነው። ራሽዋን በተጎዳው እግር ተጠቅሜ ማሸነፍ አልፈለግኩም ሲል ተናግሯል። እኔ ይህንን የምረዳው፣ ቁስሉን ለይቶ አልደበደበም፣ እግሩን እያሳደደ አልረገጠም በሚለው ነው። ዳር ዳር እያለ እስኪደክመው መጠበቅም ይችል ነበር። አንድ እግር ያለው 127 ኪሎ ሰው በሦስተኛው ደቂቃ ምን ሊሆን ነው? እሱ ግን እንደ ወንድ ገብቶ አጠቃ።

ግራ ያዥ

ከሁለታችሁም ጋር ግማሽ ግማሽ እስማማለሁ። እንደኔ፣ ሳይነካው ቀርቶ ቢሆን ለያማሺታ ስድብ ነበር። ሐዘኔታ በታታሚ ላይ ንቀት ነው።

አዲስ ገቢ

ቪዲዮውን አሁን አየሁት። ከጨዋታው ይልቅ ያማሺታ ሲያለቅስ ነው የበላኝ።

የድሮ ዳኛ

ልጆች፣ ስለ አሰልጣኝነት ተጠይቆ ስለ ተጫዋችነት ብቻ አወራችሁ። የታታሚ ጠራጊ ጥያቄ ሲድኒ ላይ ነው ያለው። እኔ ለዓመታት ስለዳኘሁ ያቺ ጨዋታ እስካሁን ታመኛለች።

መስከረም 2000። ከ100 ኪሎ በላይ ፍጻሜ። ሺኒቺ ሺኖሃራ ከፈረንሳዩ ዳቪድ ዱዬ። ዱዬ ኡቺማታ ብሎ ገባ። ሺኖሃራ የሚጠረገውን እግሩን ሰበሰበ። የዱዬ እግር አየር መታ፣ በራሱ ኃይል ተገልብጦ በጀርባው ወደቀ። ይህ "ኡቺማታ-ሱካሺ" ይባላል፣ ከመልስ ምት ሁሉ በጣም ረቂቁ ነው። ሺኖሃራም አብሮ በጎኑ ወድቋል። ሺኖሃራ ኢፖን ነው ብሎ እጁን አነሳ። ያን ጊዜ የመሃል ዳኛ አንድ፣ የማዕዘን ዳኞች ሁለት ነበርን፤ ማለቴ ነበሩ። አንዱ የማዕዘን ዳኛ ለሺኖሃራ ኢፖን ሰጠ። ሌሎቹ ሁለቱ ለዱዬ ዩኮ ሰጡ። ድምጽ ብልጫ ነው፤ ዩኮው ጸና። ዱዬ ወርቁን ወሰደ።

ያማሺታ ከወንበሩ ተነስቶ ተቃወመ። አልሄድም ብሎ ቆመ። ነገር ግን ደንቡ እንዲህ ነበር፦ ዳኞቹ ከታታሚው ከወረዱ ውጤቱ አይነሳም። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ውሳኔው ስህተት እንደነበረ በኋላ አምኗል። ሜዳሊያው ግን እዚያው ቀረ። ቪዲዮ የሚታይበት አሠራር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ዳኞች የቪዲዮውን ጠረጴዛ ስናይ ሲድኒ ትዝ ይለናል።

ሺኖሃራን ሲጠይቁት ምን አለ መሰላችሁ? ደካማ ስለነበርኩ ነው የተሸነፍኩት አለ። ዳኛውን አልወቀሰም። ያማሺታ ደግሞ ለተጫዋቹ ጮኸ። ተጫዋቹ ዝም ሲል አሰልጣኙ ሲጮህ፣ እኔ ነገሩ በትክክለኛው ቦታ ነው የዋለው እላለሁ። ብዙ ጊዜ የማየው ተቃራኒውን ነው። ተጫዋቹ በዳኛው ላይ ይጮሃል፣ አሰልጣኙ በተጫዋቹ ላይ።

ታታሚ ጠራጊ

ጋሼ፣ ይሄን ለልጁ እነግረዋለሁ። በዚያው ኦሊምፒክ ኢኑዌ በ100 ኪሎ አሸንፎ የሞተች እናቱን ፎቶ ይዞ መድረክ ላይ እንደወጣ እሱም መረሳት የለበትም። የያማሺታ ተማሪ ነው፣ ከቶካይ ዩኒቨርሲቲ።

የጁዶ እናት

እኔ ተጫዋች አይደለሁም፣ ሁለት ልጆች ግን አሉኝ፣ ሁለቱም ይጫወታሉ። አንድ ጊዜ የልጄ አሰልጣኝ (የትኛው ክለብ እንደሆነ ይቅር) ልጄ ተሸንፋ ስትወጣ በሰው ፊት በቀበቶ ጫፍ መታት። "ጃፓኖቹም እንዲህ ነው የሚያሰለጥኑት" አለኝ። እውነት ነው? ያማሺታም ይማታ ነበር?

የድሮ ዳኛ

እህቴ፣ ያንን ሰው ጥሩ ቃል አትጠብቂ ከኔ።

ጃፓን ውስጥ ችግሩ ነበር፣ አይካድም። በ2013 አስራ አምስት የብሔራዊ ቡድን ሴት ጁዶ ተጫዋቾች በአሰልጣኞቻቸው እንደሚመቱና እንደሚሰደቡ መክሰሳቸው ይፋ ወጣ። ዋናው አሰልጣኝ ለቀቀ። አገሪቱ አፈረች። ከዚያ በኋላ በጃፓን ጁዶ ፌዴሬሽን ውስጥ ጥቃትን የማጥፋቱን ሥራ ከመሩት አንዱ ያማሺታ ነው። በ2017 የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነ። "ጃፓኖቹም እንዲህ ነው" ላለሽ ሰው፣ ጃፓኖቹ ይህን ጥቃት ብለው ለማጥፋት እንደተነሱ ንገሪው።

ቁጥር ወዳድ

ፕሬዚዳንትነቱንማ አታንሱት። በ2019 የጃፓን ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት በሆነ በጥቂት ወር ውስጥ የቦርዱ ስብሰባ ለጋዜጠኛ ተዘጋ። ግልጽነት የሚሰብክ ስፖርት በር ዘጋ ተብሎ በደንብ ተወቅሷል። በታታሚ ላይ ጎበዝ የሆነ ሁሉ በጠረጴዛ ላይ ጎበዝ አይሆንም።

ከዚህም የባሰ አለ። ከውጭ አገር ተጫዋች ጋር በሕይወቱ 116 ጊዜ አሸንፎ፣ ሦስት ጊዜ አቻ ወጥቶ፣ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። በ2007 ለዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የቦርድ ወንበር ተወዳድሮ በአልጄሪያዊው መሐመድ መሪጃ ተሸነፈ። በሰፊ ልዩነት። ዘንድሮም ያስቀኛል፦ በመጎተት ያልተቻለ ሰው በድምጽ ተጣለ።

ግራ ያዥ

ሃሃሃ ይሄኛውስ ኢፖን ነው።

ግን ቁጥር ወዳድ፣ መጀመሪያ "ተማሪው በለጠው" ያልከውን ልመልስልህ። ሰንሰለቱን እየው። የያማሺታ ሰንሰይ (መምህር) ኖቡዩኪ ሳቶ ነው፣ በ1967 እና በ1973 የዓለም ሻምፒዮን፣ የወለል ጨዋታ ሊቅ። ሽናብልን ያነቀው፣ ራሽዋንን የጫነው ጁዶ ከሳቶ የመጣ ነው። ያማሺታ ቆሞ መጣል ብቻ ቢያውቅ ኖሮ ያን ቀን በአንድ እግሩ ምን ሊሠራ ነበር? ሳቶ ያማሺታን፣ ሳቶና ያማሺታ ኢኑዌን አወጡ። የኢኑዌን 5 ወርቅ ከያማሺታ ሂሳብ ላይ የምትቀንሰው ለምንድነው? ደምርለት እንጂ!

ሌላም ላክልህ። በ2000 ያማሺታ ሲለቅ ዋና አሰልጣኝነቱን የተረከበው ማነው? ሂቶሺ ሳይቶ። በ1984 እና በ1988 በከባድ ሚዛን የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደው ሳይቶ። የሶሉን ብቸኛ የጃፓን የጁዶ ወርቅ ያመጣው እሱ ነው። ይህ ሰው በ1983፣ በ1984ና በ1985 የመላው ጃፓን ፍጻሜ ላይ ከያማሺታ ጋር ተገናኝቶ ሦስቴም ተሸንፏል። የመጨረሻዋ በዳኞች ውሳኔ ነበረች፣ ሳይቶ ነበር ያሸነፈው የሚሉ እስካሁን አሉ። ሎስ አንጀለስ ላይ ወርቅ አግኝቶ እንኳ፣ ኤቨረስትን ወጣሁ፣ ፉጂ ተራራን ግን ገና አልወጣሁም ብሏል። ፉጂ ያማሺታ ነው። ኤቨረስት ከፉጂ በእጥፍ እንደሚበልጥ አስቡት እንግዲህ!

ከሳይቶ ቀጥሎ ማን? ሺኖሃራ። ያ በሲድኒ የተበደለው። የሱ ቡድን በለንደን 2012 አንድም የወንዶች ወርቅ አላገኘም። ከሱ ቀጥሎ ኢኑዌ።

ታታሚ ጠራጊ

ቆይ ቆይ። ሳይቶ ተሸናፊ፣ ሺኖሃራ ተሸናፊ። ያማሺታን ተከትለው ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሁለቱም በመሸነፋቸው የሚታወቁ ናቸው?

የድሮ ዳኛ

በመሸነፋቸው አትበል። እንዴት እንደተሸነፉ በመታወቃቸው።

ኡኬሚ

ስለ ሰውየው ሳነብ ያሳዘነኝን ላክልበት። በ2023 መኸር በፍል ውሃ መታጠቢያ ቦታ ወድቆ አንገቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ዕድሜ ልኩን አወዳደቅ ሲያስተምር የኖረ ሰው። እኛ ለጀማሪ ከሁሉ በፊት የምናስተምረው ኡኬሚ ነው፣ እኔም ስሜን ያወጣሁት ለዚያ ነው። ዜናውን የሰማሁ ቀን ልጆቹን ሙሉውን ሰዓት መውደቅ ብቻ አለማመድኳቸው። ለምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

አዲስ ገቢ

ታታሚ ጠራጊ፣ ልጁስ ምን ሆነ? ነገርከው?

ታታሚ ጠራጊ

ነገርኩት። በመጀመሪያ ሲድኒን አሳየሁት። ተናደደ፣ ዳኛውን ሰደበ (ጋሼ ይቅርታ)። ቀጥሎ ሎስ አንጀለስን ከፈትኩ። እኔ ልቤ ፍጻሜው ላይ ነበር፣ የራሽዋንን ነገር ላስረዳው አዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን ግማሽ ፍጻሜው ላይ፣ ፈረንሳዊው ያማሺታን ሲጥለው፣ ስልኬን ነጠቀኝ። "ወደቀ እኮ!" አለ። ወደኋላ መለሰው። "አየኸው? ወደቀ!" አራት ጊዜ አየው። ፍጻሜውን ላሳየው ብል "ቆይ" እያለ ከለከለኝ።

የጁዶ እናት

ለልምምድ ተመለሰ?

ታታሚ ጠራጊ

ተመለሰ። ዛሬ ስደርስ ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ታታሚውን ሲጠርግ አገኘሁት። ስሜን ቀማኝ።